ስባሪ የማይተው ታንኳ

በውኃ ተጉዞ ጣና የገባ ጀልባ የለም። ሐይቁ ዓባይን ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ያፈሳል እንጂ ከዚያ ሽቅብ የሚመጣ ቀዛፊ አይቀበልም። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ወንዙ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር በሚበልጥ ገደል ይወረወራል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጥልቁ የዓባይ ሸለቆ ይከተላል። ስለዚህ በጣና ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዳርቻው ራሱ ያበቀለው፣ ወይ በየብስ ተጭኖ ተራራ ተሻግሮ የመጣ። ፏፏቴው ለዓሣውም መንገድ ዘግቷል። ባርበስ የሚባሉት ዓሦች በዚህ ሐይቅ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከአሥር በላይ ዝርያዎች ሆነው የተለያዩት ከታች የሚመጣ ዘመድ ስለማይቀላቀላቸው ነው።

በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳር ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ እየቀዘፉ ሁለት ነገር መፈለግ የተለመደ መዝናኛ ነው። አንዱ ማዕበል የሚያወጣው ድንጋይ ነው፤ በተለይ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር አጌት የተባለውን ባለ መስመር ድንጋይ ሲለቅሙ መዋል የብዙዎች ፍቅር ነው። ሌላው የሰመጠ መርከብ ነው። የዚያ አገር ሐይቅ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ በመሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት የሰመጠ የእንጨት መርከብ እስከ ግድግዳው ይቆያል፣ ከላይ የሚቀዝፍ ሰውም ቁልቁል ያየዋል።

ይኸንኑ ልማድ ይዞ ከባሕር ዳር ትንሽ ጀልባ ተከራይቶ የሚነሣ ሰው ድንጋዩን እንደ ልቡ ያገኛል፤ የሰመጠውን ግን አያገኝም። አንደኛ ነገር የጣና ውኃ በክረምት ጎርፍ ከሚገባበት አፈር የተነሣ ደፍርሶ ስለሚከርም ታችውን አያሳይም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በዚህ ሐይቅ ላይ ነገሥታትን፣ መነኮሳትን፣ ታቦትን፣ ቡናን፣ ማገዶን፣ ወታደርን ያመላለሰው የደንገል ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ሲያረጅ አይሰምጥም፤ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ተመልሶ ዳርቻ ይሆናል። የጣናን የባሕር ጉዞ ታሪክ የተሸከመው ነገር ስባሪ አልተወም። የቀረው ድንጋዩና ታንኳ የሚሠራው እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው፤ ድንጋዩን እያየን እጁን እንዳንረሳ።

ከድንጋዩ እንጀምር። ባሕር ዳር ከተማ ዳር ላይ ቆሞ ወደ ውኃው የሚያይ ሰው እግሩ ሥር የሚያገኘው ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ እሳተ ገሞራ ነው። ቀዳዳዎቹ የቀለጠው ድንጋይ ሲረጋ ውስጡ የነበረው ጋዝ ሲወጣ የተዋቸው ናቸው። የሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ መሠረት የሆነው የባዛልት ንጣፍ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሐይቁ የተኛበት ጎድጓዳ ግን መሬት በሦስት አቅጣጫ ተሰንጥቆ የወረደበት መገናኛ ነው፤ አንዱ ስንጥቅ ወደ ደንገል በር፣ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ፣ በመሬት ዕድሜ ሲታይ ትናንት ሊባል በሚችል ጊዜ፣ በደቡብ በኩል አዲስ ላቫ ፈሶ የውኃውን መውጫ ዘጋው። ጣና ማለት ላቫ የገደበው ውኃ ነው። ይኸው ላቫ እስከ ጢስ ዓባይ ድረስ ይሄዳል፤ ፏፏቴው የሚወድቀውም ከእርሱ ላይ ነው። ጀልባ እንዳይወጣ የከለከለውና ሐይቁን ያቆመው ድንጋይ አንድ ነው።

ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ይህ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከክረምቱ ዝናብ ጋር ተያይዞ ይሞላል፣ ይጎድላል ከማለት አልፎ አንድ ጊዜ ጨርሶ ደርቆ ያውቃል። በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሄንሪ ላምብ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጥናት ከሐይቁ ወለል የወጣ የደለል ናሙና ላይ የተመሠረተ ነው። ከሥሩ የተገኘው ፀሐይ ያደረቀው ጠጣር ደለል ነበር። ከዚያ በላይ፣ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ዛሬ ውኃው ጥልቅ የሆነበት የሐይቁ መካከል የደንገል ረግረግ ነበር። ከ14,750 ዓመት በፊት ገደማ ውኃው ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ፣ ጣና ዛሬ የምናውቀውን መልኩን ያዘ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ከታላቁ ድርቅ በኋላ ሐይቁ ሐይቅ ከመሆኑ በፊት ደንገሉ መካከሉ ላይ በቅሎ ነበር።

አሁን ወደ ዳርቻው እንውጣ። ጠዋት መነሣት ይበጃል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣና ሰፊው ውኃ ለትንሽ ጀልባ አይመችም፤ ታንኳ ቀዛፊዎችም ሲቻላቸው ጭነታቸውን በማለዳ የሚያሻግሩት ለዚህ ነው። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ሲሉ ዓባይ ከሐይቁ የሚለይበት ቦታ ነው። ጉማሬ ስላለ ከደንገሉና ከቄጠማው ጥግ መራቅ ያስፈልጋል። በስተ ሰሜን ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ደሴቶች ናቸው፤ ወደ ምዕራብ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ከነቡና ጫካው ይታያል። ርቀው የሚሄዱ ደግሞ ሰፊውንና ለጥ ያለውን ደቅን፣ ከአጠገቡም እንደ ጉልላት ሾጥጦ የወጣውን ዳጋን ያገኛሉ፤ ዳጋ ራሱ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ነው።

ድንጋይ ፈላጊ ሰው በእነዚህ ደሴቶች የሚያየው ተፈጥሮ የጣለውን ብቻ አይደለም። በምሥራቁ ዳርቻ ያለችው ጣና ቂርቆስ ላይ አናታቸው የተቦረቦረ የተጠረቡ የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ። የገዳሙ ትውፊት ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመሄዱ በፊት በዚህች ደሴት 800 ዓመት እንደ ቆየ፣ ምሰሶዎቹም የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው እንደ ነበር ይናገራል። በዳጋ እስጢፋኖስ የሚነገረው ደግሞ የዚህን ጽሑፍ ነገር ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ያሰረ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ ኂሩተ አምላክ ሐይቁን የተሻገሩት በድንጋይ ታንኳ ነው ይባላል፤ ድንጋዩም በደሴቲቱ ላይ ለተሳላሚ ይታያል። የቀሩት ታንኳዎች ሁሉ በስብሰው በጠፉበት ሐይቅ ላይ ትውፊት ለአንዲት ታንኳ ብቻ የማይበሰብስ አካል ሰጥቷታል። ተአምሩን ለማመንና ላለማመን የየራሳችን ልብ አለን፤ እኔ ግን ይህን ታሪክ ያቆዩት ሰዎች ደንገል ምን ያህል እንደሚቆይ በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነበሩ አልጠራጠርም።

እስቲ ይህችን ታንኳ ቀረብ ብለን እንያት። ደንገል ውፍረቱ የሰው አውራ ጣት የሚያህል፣ ቁመቱ ሰው አልፎ የሚሄድ፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ አናቱ ላይ ፀጉር የበተነ የውኃ ዳር ተክል ነው። ውስጡ አየር የሞላው ነጭ ስፖንጅ መሰል ነገር ነው፤ የሚያንሳፍፈው እርሱ ነው። ቆራጩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ያጭደዋል፣ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። እርጥቡ ስለሚከብድ አይጫንም፤ ከመጠን በላይ የደረቀውም ይሰባበራል። ከዚያ በነዶ በነዶ እያሰረ፣ ነዶውን ከነዶ እያጣመረ፣ ከፊት በኩል ጠበብ አድርጎ ወደ ላይ ያቀናዋል። ማሰሪያው ከዚያው ከደንገሉ ልጥ ወይም ከዛፍ ልጥ የተገመደ ነው። ሚስማር የለበትም፣ ቅጥራን የለበትም። ውኃ ከሥር ስለሚገባ ሰውና ጭነት የሚቀመጠው በውስጡ በተደራረበ ሌላ የደንገል ንጣፍ ላይ ነው። መቅዘፊያው ረጅም ዘንግ ነው፤ ቀዛፊው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያለ ይሄዳል።

ማታ ከውኃው ወጥታ ካልደረቀች ቶሎ ትሞታለች። በደንብ ተይዛም ቢሆን ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንድ የጣና ነጋዴ በሕይወቱ የሚያሠራቸው ታንኳዎች ብዙ ናቸው፤ አንድ ታንኳ ሠሪ ደግሞ በሕይወቱ የሚሠራቸው ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ። ይኸን ስናስብ ነው ሥራው ምን እንደ ሆነ የሚገባን። በሌላ አገር መርከብ ሠሪ አንድ መርከብ ሠርቶ ለልጅ ልጅ ያወርሳል፤ በጣና የሚወረሰው ታንኳዋ ሳትሆን አሠራሩ ነው።

ይህን አሠራር ይዘው የኖሩት በዋናነት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። በሐይቁ ዙሪያ፣ በባሕር ዳር ከተማ ውስጥም፣ በትንንሽ መንደሮች ይኖራሉ። ቀድሞ የራሳቸው ቋንቋ እንደ ነበራቸው ተመዝግቧል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሥራቸው ሦስት ነበር። የመጀመሪያው ጉማሬ ማደን ነው፤ ሥጋውን ይበሉታል፣ ቆዳውን ለጅራፍና ለጋሻ ይሸጡታል። እስልምናን ቢቀበሉም ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ለረጅም ዘመን ማዕዱን አላካፈላቸውም። ሁለተኛው ታንኳና የደንገል ዕቃ መሥራት ነው። ሦስተኛው የድንጋይ ሥራ ነው፤ ወይጦ በሐይቁ ዳር የሚገኘውን ያንኑ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መርጠው፣ ጠርበው፣ ወፍጮና መጅ አድርገው ለገበያ ያወጡ ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ለእኔ የነገሩ እምብርት ይኸ ነው። ቀዳዳማ ድንጋይ ለወፍጮ የሚመረጠው ሲፈጭበት ስለማይልግ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ሲበላ ከሥሩ ሌላ ስለታም ጠርዝ ይወጣል። ለስላሳና ደፍን የሆነው ድንጋይ ግን ቶሎ ይልጋል፣ እንደገና መወቀር አለበት። ይህን ለመለየት ድንጋዩን በዓይን ማየት፣ በእጅ መመዘን፣ በመዶሻ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል። እንግዲህ በጣና ዳር ድንጋይ ፍለጋ በውኃ መጓዝ የሽርሽር ነገር ከመሆኑ በፊት የሰው እንጀራ ነበር። ታንኳውን የሚሠራውና ድንጋዩን የሚመርጠው ሰው አንድ ነው። የጎጃምና የበጌምድር ሴቶች ጤፍ የፈጩበት ወፍጮ፣ የዘጌን ቡና ያሻገረችው ታንኳ፣ ሁለቱም ከአንድ ማኅበረሰብ እጅ ወጥተዋል። ያ ማኅበረሰብ ግን በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ያገኘው ቦታ ከጉማሬው ጋር በተያያዘ ሁለት ሦስት መስመር ነው። ይህ የሚያሳዝን ብቻ አይደለም፣ ስሕተት ነው፤ የጣናን ታሪክ ያለ እነርሱ መጻፍ አይቻልም።

ወደ ሰሜኑ ጫፍ ወደ ጎርጎራ እንሻገር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ከተማቸውን በዚህ ዳርቻ አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ለንጉሡ በጎርጎራ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠርቷል፤ በ1622 እስኪሞትም በዚያው አካባቢ ኖሯል። ከእርሱ በኋላ የተሠራው፣ ዛሬ ማርያም ግንብ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን በኖራ የተገነባና በተጠረበ ድንጋይ ያጌጠ ነበር። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጀው ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ማርያም ግንብ ፈርሷል፤ የቀረውን ግድግዳ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በቅርብ ዓመታት አጥንተውታል።

በዚያ ዘመን ስለ ጣና የጻፈው ሌላው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜዳ ሰዎች በሐይቁ ላይ የሚጓዙት ከወፍራም የውኃ ሣር በተሠራ ታንኳ መሆኑን መዝግቧል። በጎርጎራ ግንብ የተነሣበት ዘመን የቤተ መንግሥት ሰው፣ መልእክተኛና መነኩሴ በዚያው ውኃ ላይ የሚመላለሱበት ዘመን ነው። የተጠረበው ድንጋይ ፈርሶም ቢሆን ቆሞ አርኪዮሎጂስት ይለካዋል፤ ሰዎቹን ያሻገረችውን ታንኳ ግን ማንም ሊለካት አይችልም።

ሁለት መቶ ዓመት ከዘለልን በኋላ የደንገሉን ተፈጥሮ ሊያሸንፍ የሞከረ አንድ ሰው እናገኛለን፤ ዐፄ ቴዎድሮስ። ደሴት ለሸሸ ሰው መጠጊያ የሚሆነው ታንኳው ሁሉ በደሴቱ ሰው እጅ ስለሆነ ነው፤ ደሴተኛው ታንኳዎቹን ወደ ራሱ ዳር ከሰበሰበ በወዲያ ማዶ የቆመ ጦር መድፍም ቢኖረው ቆሞ ከማየት በቀር አማራጭ የለውም። ቴዎድሮስ ይህን ያውቁ ነበር። የአውሮፓ የእንፋሎት መርከብ በጎኑ መንኮራኩር እንዳለውም ሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1866 ከእንግሊዝ መልእክተኛው ከራሳም ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ የንጉሡን ሙከራ ጽፎ አቆይቶልናል። ከደንገል የተሠሩ፣ ላያቸው የእንጨት ወለል የተነጠፈላቸው፣ በግራና በቀኝ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመላቸው ሁለት ትላልቅ ጀልባዎች ነበሩ። እንፋሎቱ የለም፤ በእርሱ ፈንታ የሰው ክንድ ነበር።

ብዙዎች ይህን ሙከራ አልፈው ይሄዳሉ። እኔ ግን ከሴባስቶፖል መድፍ የማያንስ የቴዎድሮስ ሥራ አድርጌ ነው የማየው። መድፉን ሲያሠሩ የአውሮፓን አሠራር በአውሮፓውያን እጅ ነው ያወረዱት፤ በሐይቁ ላይ ግን የአገሩን ደንገል ከሩቅ በሰሙት መንኮራኩር አጣመሩት፤ ተራራ አሻግሮ ጀልባ ማምጣት የማይቻል መሆኑን አውቀው ዳርቻው ካበቀለው ነገር ተነሡ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይገኛል፣ ሰው ሄዶ ይዳስሰዋል። የሁለቱ ጀልባዎች ነገር ከብላንክ ወረቀት በቀር የሚዳሰስ ቅሪት የለውም። መድፉ ታሪኩን ይዞ ቆየ፣ ደንገል ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሐይቁን በዋናነት የፈለጉት የግብፅና የሱዳን እርሻ ያሳሰባቸው እንግሊዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው ውል ዐፄ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት የጣናንና የዓባይን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይፈቅዱ አገዳቸው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የግድብ አጥኚዎች ወደ ዳርቻው ተመላለሱ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ሐይቁን ዙሪያውን ዞሮ፣ ደሴቶቹን በታንኳ እየተሻገረ አይቶ በ1936 መጽሐፍ አወጣ። የዳርቻው ካርታ በደንብ የተሳለው ውኃውን ለመውሰድ በታሰበበት ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ቺዝማን መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት ኢጣልያ አገሪቱን ያዘች። የሞተር ጀልባ በጣና ላይ መደበኛ ሆኖ የተመላለሰው ያን ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳርና ጎርጎራ በውኃ መስመር ተገናኙ፣ ከጎርጎራ በላይ ባለው ኮረብታ ላይም ወራሪዎቹ ሐውልት አቆሙ። ወረራው በአምስት ዓመቱ አከተመ፤ የሐይቁ መጓጓዣ ግን በኢትዮጵያውያን እጅ ቀጠለ። ጣናነሽ የተባለችው መርከብ ከባሕር ዳር ተነሥታ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን እየነካች፣ መንገድ ላይ አድራ ጎርጎራ የምትገባበት ጉዞ ለደሴትና ለምዕራብ ዳርቻ ሰው የሳምንቱ ዋና መንገድ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ 188 ሰው እንደምትይዝ የተነገረላት ጣናነሽ ሁለት ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላት። መንገዱን ለማስፋት ሠራተኛ ከፊት እየሄደ፣ አንዲት መርከብ ተራራ ስትወጣ ያየ ሰው ጢስ ዓባይ ምን እንደ ከለከለ ተረድቷል።

የብረት መርከብ የራሱ ድክመት አለው። የደንገል ታንኳ በጉልበት ጥልቀት ውኃ ላይ ትሄዳለች፤ መርከብ ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል። ከሐይቁ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀመረ፤ ጣና ከዚያ ወዲህ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውኃ የሚጠራቀምበት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናብ ባነሰበት ዓመት የሐይቁ ከፍታ መርከብ ሊሄድበት ከሚችለው ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ ለአራት ወር ያህል የመርከብ ጉዞ ተቋረጠ። ውኃው በሸሸበት ቦታ ገበሬ እየተከተለ አረሰ፤ ደንገሉም ተነቀለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ፤ እርሱም በምዕራብ በኩል ውኃውን በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ይለቀዋል። መብራቱ ያስፈልጋል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን የአንድ ሜትር ልዩነት ጥልቀቱ ትንሽ ለሆነ ሐይቅ ዳርቻ ትልቅ ነገር መሆኑን ዳርቻው ላይ የሚኖረው ሰው በየዓመቱ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቦጭ የተባለው አረምም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ የታንኳ መውጫና መግቢያ ዘጋ።

ስባሪ ፍለጋ የመጣ ሰው ታዲያ ባዶ እጁን አይመለስ፤ ከጣና ደንገል የተሠራች፣ የተጎዳችበት ቦታና ቀን የታወቀ አንዲት መርከብ አለች። የተበላሸችው ግን ጣና ላይ አይደለም፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ በግብፅ ለሥራው የሚበቃ ደንገል አላገኘም፤ በዓባይ ታችኛው ክፍል ተክሉ ጠፍቷል። ስለዚህ ከጣና አስቆርጦ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ አስጫነው፤ መርከቧም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሠራች። ራ ተባለች። ሠሪዎቹን ያመጣው ከቻድ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሥታ ወደ ስምንት ሳምንት ተጓዘች። የግብፅ ሥዕሎች ላይ የኋላዋን ጫፍ ከመካከሏ ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ ይታያል፤ በራ ላይ ያ ገመድ አልነበረም። የኋላዋ እየዘቀጠ ሄደ፣ ማዕበልም መታት፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ፣ ባርቤዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋን ራ የሠሩለት ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ናቸው፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነበር። ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮንቲኪ ሙዚየም ቆማለች።

ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንኮራው በደንገሉ ነው፤ መኩራትም ይገባናል። እኔን ግን ሌላ ነገር ይቆረቁረኛል። ደንገሉ ሁለት ጊዜ ከጣና ተወሰደ፤ ሠሪው አንድ ጊዜ ከቻድ፣ አንድ ጊዜ ከቦሊቪያ ተጠራ። በዚያው ሐይቅ ዳር፣ ያንኑ ተክል በየቀኑ እያጨደ፣ ስንት ቀን እንደሚሰጣና የትኛው ነዶ መጀመሪያ ውኃ እንደሚጠጣ የሚያውቀው የጣና ሠሪ እነዚያን መርከቦች አልሠራም። ቅርስ የምንለው ተክሉ ብቻ ከሆነ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። አሠራሩ ከሆነ ግን ያን ጊዜ የቀረው ዛሬም እየቀረ ነው።

ምክንያቱም የነገደ ወይጦ ሦስቱ ሥራዎች ዛሬ ያሉበት ሁኔታ ይኸ ነው። የጉማሬ አደን ቀርቷል። ወፍጮውን የሞተር ወፍጮ ቤት ተክቶታል፤ ድንጋይ መራጩ ገበያ የለውም። የቀረው ደንገሉ ነው፤ እርሱም በእርሻ፣ በግጦሽ፣ በእንቦጭና በከተማ መስፋት እየተገፋ ነው። በባሕር ዳር የሐይቁ ዳር መሬት ሆቴልና መዝናኛ በሆነ ቁጥር ደንገል ቆራጩ ወደ ውኃው የሚወርድበት መንገድ ይጠባል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧል። ጥብቅ ቦታ ሲከለል ተክሉን ከቆራጩ መጠበቅ ይቀናል፤ እዚህ ግን የሚያጭደው ሰው የተክሉ ጠላት አይደለም፤ ከሥሩ ሳይነቅል አጭዶ፣ መልሶ እስኪያድግ ጠብቆ የኖረ ነው። የተረፈው ደንገል ሲከለል የታንኳ ሠሪዎቹ የመቁረጥ መብት በስም ተጽፎ መግባት አለበት። ከሐይቁ አጠገብ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም አንድ ሙሉ ታንኳ ከአጨዳው እስከ መጨረሻው ቋጠሮ በምስል፣ በልክና በሠሪው አንደበት መመዝገብ ይችላል፤ ሠሪው በሕይወት አለ፣ ዋጋውም የአንድ ታንኳ ዋጋና የጥቂት ሳምንት ጊዜ ነው።